ሜዳውን ማን ይጠብቀው? የራዲዮ አማተሮች፣ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና የኢንተርኔት ማስታወቂያ ታሪካዊ ዝምድና



የዛሬው ንግግር ርእስ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። የታሪክ መምህር ስለ አንቴና፣ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራምና በስልካችን ላይ ሳይጠሩት ብቅ ስለሚል ማስታወቂያ ምን አገባው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሦስቱን ጉዳዮች አንድ ላይ የሚወድድ ሰው በየሀገሩ አለ። ቀን መደበኛ ሥራውን ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ጣራው ላይ በዘረጋው ሽቦ ከሩቅ ሀገር ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ሌሎች በነጻ ያካፈሉትን ፕሮግራም ያሻሽላል፤ ማስታወቂያው በምን መንገድ እንደሚከታተለውም ይመረምራል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ እነዚህ ሦስት ዝንባሌዎች በአጋጣሚ የተገናኙ ሳይሆኑ የአንድ ታሪክ ሦስት ምዕራፎች ናቸው የሚል ነው። የታሪኩም ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው በደቦ ያቀኑትን ሜዳ ኋላ ማን ይወርሰዋል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችንን ከ1912 እናድርግ። ከዚያ በፊት በአሜሪካ መሣሪያ መሥራት የቻለ ሁሉ እንዳሻው በራዲዮ መልእክት ያስተላልፍ ነበር፤ ባሕር ኃይሉም በየቤቱ ሰገነት የተቀመጡ ወጣቶች መልእክቱን እንደሚያውኩበት ያማርር ነበር። ታይታኒክ በሚያዝያ ከሰጠመች በኋላ በዚያው ዓመት የራዲዮ ሕግ ወጣ። ሕጉ አማተሮችን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ከ200 ሜትር ወደማይበልጥ የሞገድ ርዝመት ገፋቸው እንጂ። በጊዜው በነበረው ዕውቀት ሩቅ የሚደርሰው ረጅም ሞገድ ነው፤ አጭሩ ከአካባቢው አያልፍም ተብሎ ይታመን ነበር። በመሬት ሥሪት ቋንቋ ብንናገር፣ ለም የሆነው ለመንግሥትና ለኩባንያዎች ሲሰጥ ጭንጫው ለአማተሮች ተተወ።

እነርሱ ግን ጭንጫውን አረሱት። በ1914 ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ የሃርትፎርድ መሐንዲስ መልእክቱ እስከሚፈለገው ከተማ አልደርስ ቢለው በመንገዱ መካከል የሚገኝ ሌላ አማተር ተቀብሎ እንዲያስተላልፍለት አደረገ። ከዚህ አነስተኛ ገጠመኝ የአሜሪካ የራዲዮ ቅብብል ማኅበር ተወለደ። ቅብብሉ ያለ ክፍያ፣ በፈቃደኝነት የሚሠራ አውታር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣቢያዎቻቸው ተዘግተው በ1919 እንደገና ተከፈቱ። በታኅሣሥ 1921 ፖል ጎድሊ የተባለ አማተር ከአሜሪካ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ፣ በባሕር ዳርቻ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከኮነቲከት የተላከውን የአማተሮች ምልክት ሰማ። በኅዳር 1923 ደግሞ በፈረንሳይ የኒስ ከተማ የነበረው ሌዮን ዴሎይ በ100 ሜትር ገደማ ሞገድ ከአሜሪካ አማተሮች ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ ወዲያና ወዲህ ተነጋገረ። አጭር ሞገድ ወደ ላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ወጥቶ፣ ከዚያ ተመልሶ፣ በአነስተኛ ኃይል እጅግ ሩቅ እንደሚደርስ በተግባር ታየ።

ከዚህ በኋላ ጭንጫው ወርቅ ሆነ፤ መንግሥታትና ኩባንያዎችም ተሻሙበት። በ1927 በዋሽንግተን በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አማተሮች ካቀኑት ሜዳ ጥቂት ጠባብ ክፍሎች ተወስነው ተሰጧቸው። ተገፉ፣ ነገር ግን አልጠፉም። የዛሬው መከራከሪያዬ ቁልፍ በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ላንሳ። የእኔ ትውልድ በልጅነቱ ከአባቶቹ ትራንዚስተር አጠገብ ተቀምጦ፣ ድምፁ ሄድ መለስ ሲል መርፌዋን ቀስ እያደረገ እየገፋ፣ የማታውን ዜና የሰማው በአጭር ሞገድ ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ደግሞ በ1982 ሲጀመር፣ ሁለቱም እኛ ዘንድ የደረሱት በዚያው መንገድ ነበር። ማንም በሩ ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ያ የሰማይ መንገድ እንደሚያደርስ ያሳዩት ደመወዝ የማይቆርጡ ወጣቶች መሆናቸውን አያስብም ነበር።

አሁን ወደ ማስታወቂያ ልሻገር። በነሐሴ 28 ቀን 1922 በኒው ዮርክ ደብሊው.ኢ.ኤ.ኤፍ. በተባለው ጣቢያ አንድ የቤት ሻጭ ኩባንያ በጃክሰን ሃይትስ ስለሚገኙት መኖሪያ ቤቶቹ ንግግር አስደመጠ። ይህ በታሪክ የመጀመሪያው የተከፈለበት የራዲዮ ማስታወቂያ ተደርጎ ይጠቀሳል። የጣቢያው ባለቤት ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ጣቢያውን ያሰበው እንደ ሕዝብ ስልክ ነው፤ ሒሳብ የከፈለ ገብቶ ይናገራል። በዚያው ዓመት የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር ይህን ያህል የአገልግሎት ተስፋ ያለው መሣሪያ በማስታወቂያ ወሬ እንዲጥለቀለቅ መፍቀድ የማይታሰብ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ብሪታንያ በበኩሏ በዚያው በ1922 ቢቢሲን አቋቁማ፣ ወጪው ከአድማጮች የፈቃድ ክፍያ እንዲሸፈን ወሰነች። ማስታወቂያ ከቴክኖሎጂው ጋር የተወለደ ግዴታ አልነበረም ማለት ነው። ሁለት ሀገሮች፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ውሳኔዎች።

የስልክ ኩባንያውን ስም እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ በታሪካችን ሁለት ጊዜ ይመለሳልና።

የመጀመሪያው መመለሻው በ1969 ነው። በኩባንያው የቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ተወለደ። ኩባንያው በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው ስምምነት ከስልክ ውጪ በሆነ ንግድ መሠማራት ስላልቻለ፣ ዩኒክስን ከነምንጭ ኮዱ ለዩኒቨርሲቲዎች በአነስተኛ ዋጋ ሰጠ። ተማሪዎች አነበቡት፣ አረሙት፣ አሻሻሉት። በ1984 ኩባንያው ተከፋፍሎ የንግድ እገዳው ሲነሣለት ግን በሩን እያጠበበ ሄደ። ቀደም ሲል በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያየውና ሊለውጠው የሚችል፣ ዩኒክስን የሚመስል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ የጂ.ኤን.ዩ. ፕሮጀክትን አውጆ ነበር። የስቶልማን ትልቁ ፈጠራ በእኔ አመለካከት ፕሮግራሙ አይደለም፤ በ1989 የወጣው የፈቃድ ሰነድ ነው። ሰነዱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሽጥም፤ ነገር ግን ያሻሻልኸውን ለሌላ ስታስተላልፍ ምንጩን አብረህ ስጥ። የደቦ ሕግ በውል ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። በ1991 በሄልሲንኪ የሚማረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲያስተዋውቅ ሥራውን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ነበር የጠራው፤ በኋላም ይህንኑ ፈቃድ መረጠለት።

የራዲዮው ወገን ከዚህ ጋር የተገናኘው በሁለት መንገድ ነው። በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የኖርማን አብራምሰን ቡድን በደሴቶቹ መካከል ኮምፒውተሮችን በራዲዮ አገናኘ፤ አሎሃኔት ይባላል፤ በቢሮዎቻችን ለምንጠቀምበት ኢተርኔትም ሐሳብ አበድሯል። አማተሮችም የኮምፒውተር መረጃን በራዲዮ መላክ ጀመሩ። በ1981፣ ኢንተርኔት ገና በጥቂት ተመራማሪዎች እጅ ሳለ፣ ለዚሁ ሙከራቸው በ44 የሚጀምሩ ከ16 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች ተመደቡላቸው። ፊል ካርን የተባለ አማተር የኢንተርኔትን መግባቢያ ሕግ በአነስተኛ የግል ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም ጽፎ አከፋፈለ። የሊኑክስ ዋና ክፍልም የአማተሮችን የራዲዮ መግባቢያ አቅፎ አደገ። በ1998 የ«ክፍት ምንጭ»ን ብያኔ ያወጣው ብሩስ ፔረንስ ራሱ የጥሪ ምልክት ያለው የራዲዮ አማተር ነው።

ሁለተኛው መመለሻ 1994 ነው። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ዋና የኢንተርኔት አውታር በመንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ይደገፍ ስለነበር የንግድ ሥራ በደንብ ተከልክሎበት ነበር። ደንቡ ሲላላ የሆነውን እዩ። በሚያዝያ 1994 ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በሺሕ በሚቆጠሩ የዩዝኔት የውይይት መድረኮች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። የሚሸጡት ምን እንደነበር ብነግራችሁ ዳግመኛ ፈገግ ትላላችሁ፦ ዲቪ መሙላት። ራሱን ችሎ በነጻ ሊሞላ የሚችለውን የግሪን ካርድ ዕጣ በክፍያ እንሞላላችኋለን አሉ። በየመንገዳችን «ዲቪ እንሞላለን» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ የኢንተርኔት የገፍ ማስታወቂያ ታሪክ ከየት እንደተነሣ ለመረዳት አይቸገርም። በጥቅምት ወር ደግሞ ሆትዋየርድ የተባለው የድረ ገጽ መጽሔት የመጀመሪያዎቹን ሰንደቅ ማስታወቂያዎች አወጣ። በጣም ከሚታወሱት አንዱን የገዛው ማን ነበር? ያው ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ.። በዚያው ዓመት በኔትስኬፕ የተሠራውና «ኩኪ» የተባለው አነስተኛ የመረጃ ቁራጭ የተጠቃሚን ማንነት ከገጽ ገጽ ለማስታወስ ያገለግል ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ አስተዋዋቂዎች ሰውን ለመከታተል ተጠቀሙበት። በ1922 ራዲዮው አድማጩን አያውቀውም ነበር፤ አሁን ግን ማስታወቂያው አንባቢውን ማንበብ ቻለ።

በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ገና ተማሪዎች ሳሉ ባወጡት ጥናት፣ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኝ መፈለጊያ ወደ አስተዋዋቂው እንጂ ወደ ተጠቃሚው ጥቅም እንደማያደላ ጽፈው ነበር። በ2000 ኩባንያቸው ጎግል የማስታወቂያ ሽያጭ ሥርዓቱን ከፈተ። ኮምፒውተሮቹም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። በትርፍ ጊዜ የተጻፈው ፕሮግራም የዓለምን ትልቁን የማስታወቂያ ገበያ ተሸከመ። ፈቃዱ አልተጣሰም፤ ሰነዱ ፕሮግራሙን ለሌላ ስለሚያስተላልፍ ሰው እንጂ በራሱ ማሽን ላይ አስኪዶ አገልግሎቱን ስለሚሸጥ ሰው አይናገርምና።

ለእውነት ሲባል ሌላውንም ወገን ልናገር። የባንክ ካርድ የሌለው ተማሪ በነጻ ፈልጎ ያነበበው፣ ኢሜይል ከፍቶ ማመልከቻ የላከው፣ ሌላ ሰው ለማስታወቂያ ስለከፈለለት ነው። በዚህ አዳራሽ ካለነው ከዚህ ያልተጠቀመ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ክፉ፣ አማተር ቅዱስ የሚል ታሪክ አልነግራችሁም። አማተሮችም ይፈተናሉ። በ2019 የእነዚያ በ44 የሚጀምሩ አድራሻዎች ጠባቂ የሆነው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትን ለአማዞን ሸጠ። ገንዘቡ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡን ለራዲዮ፣ ለክፍት ምንጭ ሥራና ለትምህርት ድጋፍ አዋለው፤ በዚህ የተጠቀሙ ብዙ ናቸው። ብዙ አማተሮች ግን ለሁላችን የተሰጠውን ማን ጠይቆን ሸጠው ብለው አዘኑ። ሽያጩን የሰሙት ከተፈጸመ በኋላ ነበርና።

እንግዲህ ቀደም ብዬ ያቆየሁትን መከራከሪያ ልደምድም። የተለመደው አባባል የጋራ ሜዳ ሁሉ መጨረሻው ገበያ ነው ይላል። መረጃው እንዲህ አይመሰክርም። የአማተሮች የራዲዮ ሞገድ ከመቶ ዓመት በኋላም ዛሬ ማስታወቂያ አይሰማበትም፤ ምክንያቱ አማተሮች ከሌላው ሰው የተሻለ ጠባይ ስላላቸው ሳይሆን፣ ለገንዘብ ጥቅም መጠቀም በሕግ ስለተከለከለ ነው። ሊኑክስም ዛሬ ድረስ ለማንም ክፍት የሆነው የተጻፈ ውል ስለሚጠብቀው ነው። ድረ ገጹ ግን የቀድሞው ክልከላ ሲነሣ በቦታው ሌላ ደንብ አልተተካለትም፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ገዢ ደንብ አወጣለት። አድራሻዎቹም የተሸጡት ሕጉ ሞገዱን እንጂ ቁጥሮቹን ስለማይጠብቅ ነው። ሜዳው የሚጠፋው ጠባቂው ሕግ ከዳር ክፍተት ባለበት ቦታ ነው። በጎ ፈቃድ ሜዳ ያቀናል፤ ብቻውን ግን አይጠብቅም።

ይህ ለእናንተ ለተማሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ የጥሪ ምልክቱ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. የሆነ የአማተር ራዲዮ ጣቢያ አለ። «ኢ.ቲ.» በአውሮፕላኖቻችን ጭራ ዘንድ የምታዩት፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለሀገራችን የተሰጠ መለያ ነው፤ የእናንተም ነው። የምትጽፉት ፕሮግራም፣ የምትሰበስቡት የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ ጽሑፍና ድምፅም እንዲሁ ነገ የሚፈለግ ሜዳ ነው። ዛሬ ማንም ስላልጠየቀው ጭንጫ ይመስላችኋል፤ በ1912 የነበሩትም እንደዚያው ነበር የመሰላቸው። ስለዚህ ሥራችሁን ለሰው ከማካፈላችሁ በፊት በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ በምን ፈቃድ እንደሚወጣ፣ ማንስ ሊሸጠው እንደሚችል በጽሑፍ አስፍሩ። ከመካፈል ግን አትቆጠቡ። ያልተካፈለውን ማንም አይወርሰውም፤ ማንም ግን አይጠቀምበትም።