የውሃ ፓምፑ (ቱሩምባው) አልነሳ ሲል፦ የመብራት ችግሩን በምልክቱ መለየት

እህቶቼ፣ ሊባኖስ ውስጥ ቤት ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። «ምን ነካካሽ?» ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ወይ ፓምፑ ሲያረጅ የሚሆን ነው። ምልክቱን ካወቅሽ ለማዳም በትክክል ትነግሪያታለሽ፣ ሠሪውም ቶሎ ያገኘዋል፣ አንቺም ያለ ጥፋትሽ አትወቀሺም።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ፓምፑ ከታች ካለው ታንከር ውሃ ስቦ ጣሪያ ላይ ወዳለው ይገፋል። የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። መብራቱ በብሬከሩ (እነሱ ዲጆንተር ይሉታል) አልፎ ይመጣል። ብዙ ቤት ታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ውሃ ሲጎድል ያበራዋል፣ ሲሞላ ያጠፋዋል። ፓምፑ ላይ ደግሞ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት

በእርጥብ እጅ ወይ በባዶ እግር አትጠጊው። ከነዘረሽ ደግመሽ አትንኪው፤ ደረቅ ቦታ ቆመሽ ብሬከሩን አጥፊ። ክዳኑን በፍጹም አትክፈቺ፤ ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም መብራት ይዞ ይቆያል። «አንቺ ሥሪው» ካሉሽ «ላ ማዳም፣ ቢትካህርብ፣ ካህራብጂ» በያት። ይነዝራል፣ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ ማለት ነው።

ምልክቶቹ

1. ምንም ድምፅ የለውም። መብራቱ የመንግሥት (ዳውሌ) ነው ወይስ የጄነሬተር (ኢሽቲራክ)? አንዳንድ ቤት ፓምፑ ከጄነሬተር ጋር አልተያያዘም፤ እንደዚያ ከሆነ ዳውሌ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ብሬከሩ ወርዶ ከሆነ አንዴ ብቻ መልሺው። ብሬከሩም መብራቱም ደህና ከሆኑና የላይኛው ታንከር ከጎደለ፣ ተንሳፋፊው ተይዞ ወይ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ለማየት ብለሽ ብቻሽን ጣሪያ ላይ አትንጠልጠዪ።

2. እምም ይላል ግን አይዞርም። ቶሎ አጥፊው፤ እንዲህ ሆኖ ከቆየ ሞተሩ ይቃጠላል። የቤቱ አምፖል ከደበዘዘ መብራቱ ደክሟል፣ እስኪስተካከል ይቆይ። አምፖሉ ደህና ከሆነ ወይ ካፓሲተሩ ሞቷል፣ ወይ ሞተሩ ውስጡ ተይዟል። ካፓሲተር መቀየር አዲስ ሞተር ከመግዛት በጣም ይረክሳል፤ ስለዚህ በጊዜ መናገርሽ ለእነሱም ይጠቅማል።

3. ብሬከሩ ይወርዳል። ልብስ ማጠቢያው ወይ ውሃ ማሞቂያው አብሮ ሲሠራ ብቻ ከሆነ ጭነት በዝቷል። የ5 አምፔር ኢሽቲራክ የሚችለው 1100 ዋት ያህል ነው። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ብቻውን ይህን ሊሞላው ይችላል፣ ሲነሳ ደግሞ የበለጠ ይስባል። ሌላውን አጥፍተሽ አስነሺው። ብቻውን እያለም ወዲያው ከወረደ ግን ውሃ ገብቶበታል ወይ ሽቦ ተነካክቷል። ደግመሽ አትመልሺው።

4. ሠርቶ ይቆማል፣ ሲበርድ ይነሳል። ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ራሱን ያጠፋል። መብራት ሲደክም፣ ያለ ውሃ ሲዞር ወይ ሲያረጅ ይመጣል። መታየት አለበት።

5. ይዞራል ግን ውሃ የለም። ይሄ የመብራት ችግር አይደለም። የታችኛው ታንከር አልቋል ወይ ቧንቧው አየር ይዟል። አጥፊው፣ በደረቁ ሲዞር ይበላሻል።

እንዴት ትነግሪያለሽ?

«ማፊ ማይ። ቱሩምባ ማ አም ቲምሺ።» ውሃ የለም፣ ፓምፑ አይሠራም ማለት ነው። ቀጥለሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ድምፅ አለው፣ ብሬከር ወርዷል፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ። ስልክ ካለሽ ድምፁን በቪዲዮ ያዢ፣ ለማዳምም በዋትሳፕ ላኪላት። ቀኑና ሰዓቱ እዚያው ይቀራል። በኋላ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» ቢመጣ የምታሳዪው ነገር አለሽ።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው

ሰውየውን በእጅሽ አትንኪ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። ካልቻልሽ ደረቅ ነገር ላይ ቆመሽ በደረቅ እንጨት ወይ በፕላስቲክ መጥረጊያ እጀታ አላቂው። ወዲያው 140 ደውዪ፤ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው፣ አጠገብሽ ላለችው እህትም ንገሪያት።