ፊውዝ ቤት ውስጥ የተወተፈችው ሳንቲም

ፊውዝ ሲቃጠልባችሁ የመጣው ሠራተኛ ሽቦ ጠምዝዞ ቀጥሎ «በቃ፣ ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም» ብሏችሁ ያውቃል? እኛ ቤት ብሏል። እውነቱን ነው፣ አላስቸገረም። ችግሩም እሱ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። አሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንቧን ያወጣችው በ1897 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ደንብ ጓዳ ድረስ አይገባም። ብዙዎች የተቃጠለውን ፊውዝ ፈተው ከሥሩ አንድ ሳንቲም ይወትፉ ነበር። መብራቱ ወዲያው ይመጣል! ግን ፊውዝ የተሠራው ከሁሉም ቀድሞ እንዲቀልጥ ነው፤ ወፍራሟ የመዳብ ሳንቲም አትቀልጥም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይቀድማታል።

ሌላው ስህተት ደግሞ ጨዋ ይመስላል፦ የ15 አምፔሩን አውጥቶ የ30 መክተት። ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ስለነበር ልክክ ብሎ ይገባል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ግን የገመዱ ሙቀት አራት እጥፍ ነው (የከረንት ካሬ፣ ፊዚክስ ክፍል ታስታውሱታላችሁ)።

በኋላ መሐንዲሶች ቅርጹን ራሱን ለወጡት። «ታይፕ ኤስ» የሚባለው ፊውዝ የራሱ ማስገቢያ አለው፤ አንዴ ከታሰረ በቀላሉ አይወጣም፣ የ15ቱም 30ውን አይቀበልም።

የኛን ቤት ሽቦ ከዓመታት በኋላ ያወጣው ሌላ ባለሙያ ነው። ከጀርባው ያለው ገመድ ልባሱ ጠቁሮ ይፈረፈር ነበር።