ከስድስት ሰዎች ስብሰባ እስከ ሙያ ፈቃድ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበራት ታሪክና የእኛ ድርሻ

ውድ የጎንደር ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲያችን ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ተባብሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት መጀመሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኛ በተማርንበት ዘመን የሙያው ስም እንኳ አይነሳም ነበር። ስትሮክ የመታውን ሰው ነፍሱን አትርፈን፣ የደም ግፊቱን አስተካክለን ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን። ቤቱ ሲገባ ሸሚዙን በአንድ እጁ እንዴት እንደሚቆልፍ፣ እንዴት ቆርሶ እንደሚጎርስ፣ ወደ ሥራው እንዴት እንደሚመለስ የሚያለማምደው ሰው ግን አልነበረንም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ማለት እንግዲህ ይህ ባለሙያ ነው።

እኔ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር እሠራለሁ። ታሪካቸውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ትምህርት ቤት ባለሙያ ያስመርቃል፤ ሙያው በሕግ እንዲታወቅና ሥር እንዲሰድ የሚያደርገው ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ማኅበር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእኛ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ቤት ነው። ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን አርክቴክት ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ተሠቃየ፣ የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ፣ ግራ ጎኑም አልታዘዝ አለው። በአናጢነትና በአትክልት ሥራ ራሱን ካለማመደ በኋላ በኒውዮርክ ስቴት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ «የመጽናኛ ቤት» ብሎ የሰየመውን ቤት ከፈተ። በመጋቢት ወር እ.ኤ.አ. 1917 አምስት ሰዎች እዚያ ተሰበሰቡለት። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ራሽ ዳንተን፣ ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል፣ የእጅ ሥራ መምህርቷ ሱዛን ኮክስ ጆንሰን፣ ከካናዳ የመጣው ቶማስ ኪድነርና የባርተን ጸሐፊ ኢዛቤል ኒውተን ነበሩ። ስድስቱ ሆነው ዛሬ የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ ለመመለስ ሴቶች ተመልምለው፣ በአጭር ጊዜ ሠልጥነው እስከ ፈረንሳይ ዘመቱ። ወታደራዊ ማዕረግ አልተሰጣቸውም፤ ያገለገሉት እንደ ሲቪል ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሙያው አብሮ እንዳይበተን የያዘው ማኅበሩ ነው። በተለይ ስሌግል። ስትጀምር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበረች፣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ሆነች፣ ከዚያም እስከ 1937 ድረስ ዋና ጸሐፊ ሆና የማኅበሩን ቢሮ ይዛ ቆየች። በስንብቷ ላይ ቀዳማዊት እመቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ተገኝተዋል። ፕሬዚዳንትነቱን ቀምሳ ወደ ጸሐፊነት መመለሷን ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

አገር አቀፉ ማኅበር ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። በአሜሪካ የጤና ባለሙያን ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ሕግ በሌለበት ስቴት ማንም ተነስቶ «ቴራፒስት ነኝ» ቢል ከልካይ የለውም፤ የሚጎዳው ደግሞ ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ትግሉ በየስቴቱ ሆነ። ፖርቶ ሪኮ በ1968 ቀደመች። ከስቴቶቹ ኒውዮርክና ፍሎሪዳ በ1975 የፈቃድ ሕግ አወጡ። ሃዋይ ግን እስከ 2014 ቆየች። በመካከሉ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። በእነዚያ ዓመታት በየስቴቱ ረቂቅ ያዘጋጁት፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ የጻፉት፣ ምስክርነት የሰጡት ቀን ሕመምተኛ ሲያክሙ የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

የስቴት ማኅበር አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዕድራችንን አስቡት። አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ተመራጮቹ ደመወዝ አይቆረጥላቸውም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ቴራፒስት የስቴቷን ማኅበር ስትመራ በቅርብ አይቻለሁ። ማታ ማታ ስብሰባ፣ ቅዳሜ የተማሪዎች ሥልጠና፣ የምክር ቤቱ ጉባኤ ሲከፈት ደግሞ ከዓመት ፈቃዷ ቀንሳ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ጉዞ። «ምን ታገኚበታለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከእኔ በፊት የነበሩት ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ ፈቃድ አይኖረኝም ነበር» አለችኝ። አመራርም እዚያው ይለመዳል። መጀመሪያ ኮሚቴ ውስጥ ገብተሽ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ፣ ቀጥሎ አንድ ዓመታዊ ጉባኤ ታስተባብሪያለሽ፣ ሳታስቢው መሪ ሆነሽ ትገኛለሽ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ሐኪሞችን የሚመለከት ምዕራፍም አለ። ገና ከጅምሩ ሐኪሞች ለሙያው ጥላ ሆነውታል፤ ከባርተን ቀጥሎ ማኅበሩን የመራው ዳንተን ራሱ ሐኪም ነበር። በ1930ዎቹ ማኅበሩ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የትምህርት ቤቶቹን ደረጃ እንዲያወጣለት ጠየቀ፤ መስፈርቱም በ1935 ጸደቀ። ጥቅም ነበረው፤ ሆስፒታሎች ሙያውን አመኑት። ዳሩ ግን ቴራፒስቶቹ ትምህርት ቤቶቻቸውን በራሳቸው አካል ብቻ ለመመዘን እስከ 1994 መጠበቅ ነበረባቸው። ወንበር ማበደር ደግ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ መነሳት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከጎንደር የሚወጡት ወጣቶች ያሉት የአሜሪካኖቹ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ሙያቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በ1952 በ10 ማኅበራት የተመሠረተው የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን አገርን በአባልነት የሚቀበለው በብሔራዊ ማኅበሯ በኩል ነው። የሥራ መደብ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የሙያ ወሰን፣ እነዚህ ሁሉ በባለሙያዎቹ ስም የሚናገር አካል ይፈልጋሉ። ያለዚያ የተማሩት ወይ ሌላ ሥራ ይገባሉ፣ ወይ እንደ ብዙዎቻችን አገር ጥለው ይወጣሉ።

የእኛ ድርሻ ታዲያ ምንድን ነው? አገር ቤት ያላችሁ ሐኪሞች፣ ሕመምተኛ ስታሰናብቱ ወደ እነሱ ላኩ። ሆስፒታል የምትመሩ ደግሞ መደብ እንዲከፈትላቸው ጠይቁ። ውጭ ያለን ከምንኖርበት ስቴት ማኅበር ጋር እናገናኛቸው። የመተዳደሪያ ደንባቸውን፣ የሕግ ኮሚቴያቸውን ልምድ፣ የጉባኤ አዘገጃጀታቸውን ለማካፈል ፈቃደኛ ሰው አይጠፋም። የምናውቀው ሐኪም በየስብሰባው ከፊት ይቀመጥ ግን አንበል። ልጆቹ ራሳቸው ይሰብስቡ፣ ራሳቸው ይመረጡ፤ እኛ አዳራሹን እንክፈትላቸው፣ የሻይ ቡናውንም እንቻል።