በበረዶ የተጠጣው የገበሬ ወይን

ወይን ጠጅ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ባሉበት «ላምብሩስኮ» በሉና ፊታቸውን ተመልከቱ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንዲት ፈገግታ ብቅ ትላለች። «ያ ጣፋጭ ቀይ ለስላሳ?» ማለታቸው ነው። የዚህን የጣልያን ወይን ታሪክ ሳነብ ግን ንቀቱ አልዋጥልህ አለኝ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

አገሩ ኤሚሊያ ነው፤ በሰሜን ጣልያን፣ ከፖ ወንዝ በስተደቡብ፣ በሞደናና በሬጆ ኤሚሊያ ከተሞች ዙሪያ። የፓርሚጃኖ አይብ አገር ነው። ሕዝቡ በሆዱ አይታማም፤ አይቡ፣ ቅቤው፣ የአሳማ ሥጋው ገበታውን ይሞላዋል። ስብ የበዛበት ምግብ ደግሞ ቀዝቀዝ፣ ኮምጠጥ ያለና በአረፋው አፍን የሚያጥብ መጠጥ ይፈልጋል። የገበሬው ላምብሩስኮ ይኸው ነበር። አዎ፣ ኮምጠጥ ያለ! ስኳሩ በአብዛኛው በመብላላት ያለቀ።

አረፋውንም ቢሆን ብርዱ ነው ያስተማራቸው። በመኸር የተጨመቀው ወይን ተብላልቶ ሳይጨርስ ብርዱ ይደርስበትና እርሾው ይተኛል። ፀደይ ገብቶ ሲሞቅ እርሾው ጠርሙስ ውስጥ ይነቃል፤ ጋዙም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል።

ደግሞ ላምብሩስኮ የአንድ ተክል ስም አይደለም፣ የቤተ ዘመድ ስም ነው። ግራስፓሮሳ አለ፣ ሳላሚኖ አለ፣ ሶርባራ አለ። ሶርባራ ጉደኛ ነው፤ አበባው ለብቻው በደንብ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ ሳላሚኖን አጠገቡ ይተክሉለታል።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950፣ የሬጆ ኤሚሊያ ወይን ጠማቂ ማኅበራት ተሰባስበው «ሪዩኒቴ» የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ትርጉሙም «የተዋሐዱ» እንደማለት ነው። እኛ የኅብረት ሥራ ሲባል የደርግ ዘመን ማኅበራት ትዝ ስለሚሉን ፊታችንን እናጠቁር ይሆናል፤ እዚያ ግን ሥራው ሠምሯል። ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የጣልያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ደንበኛው ማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? አሜሪካ!

በ1960ዎቹ መጨረሻ ማሪያኒ የሚባሉ የኒውዮርክ ወንድማማች ነጋዴዎች ይህንን ወይን ማስገባት ጀመሩ። ኮካ ኮላ ጠጥቶ ላደገ ሕዝብ ጎምዛዛ ቀይ ወይን አይሸጥም። (እኛስ ብንሆን? አክሱማይታችን ጣፋጭ ነው፤ ቀዩን በኮካ የሚበርዘውም ጥቂት አይደለም።) ስለዚህ ወይኑ ጣፈጠ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በትልልቅ የተዘጉ የብረት ጋኖች ውስጥ ሲብላላ ስኳሩ ሳያልቅ ያቀዘቅዙታል፣ እርሾውን ያጠሩታል። አልኮሉ አነስተኛ፣ ዋጋው ርካሽ ሆነ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያውም በበረዶ ጠጡት ይል ነበር። በ1985 አሜሪካ የገባው ከ11 ሚሊዮን ካርቶን በላይ ደረሰ፤ በካርቶን 12 ጠርሙስ ብላችሁ አስቡት። ለዓመታት ከውጭ ከሚገቡ ወይኖች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ነበር።

ገበሬው እንጀራ በላበት፤ ስሙ ግን ተበላ። በ1970 ሶርባራ፣ ግራስፓሮሳና ሳላሚኖ በትውልድ ቦታቸው ስም በሕግ ተጠብቀው ነበር፤ የሩቁ ጠጪ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ላምብሩስኮ ማለት ያ በበረዶ የሚጠጣው ነው፣ አለቀ። እኔን የሚገርመኝ የትርፉ መንገድ ነው። ማሪያኒዎቹ በ1978 ቶስካና ውስጥ፣ ሞንታልቺኖ ላይ ሰፊ መሬት ገዝተው ብሩኔሎ የሚባለውን የተከበረ ወይን መጥመቅ ጀመሩ። ዛሬ ብሩኔሎ ሲቀርብ ብርጭቆውን አዙሮ የሚያሸት ሰው፣ ያንን ርስት የገዛው የተናቀው ላምብሩስኮ መሆኑ ትዝ አይለውም።

አሁን አሁን ሶርባራ አካባቢ ጠርሙስ ውስጥ እየተብላላ የሚቀረው፣ አተላው ከሥር የሚታየው ኮምጣጣው ወይን ተመልሷል። አሜሪካ ውስጥም ጥሩ ምግብ ቤቶች ያቀርቡታል፣ ያለ በረዶ። ሪዩኒቴም አልተዘጋም፤ በ2008 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዷል፤ ጣፋጩንም ዛሬም ይሸጣል።