የባለ እጆች አገርና መንገደኞቿ
የጃፓን እደ ጥበብ ከናራ ግምጃ ቤት እስከ ዋጂማ ፍርስራሽ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያን ልዑካን መርተው ጃፓን የገቡት በ1931 መገባደጃ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። የዘመኑ የኢትዮጵያ ምሁራን በጃፓን የሚቀኑት በፋብሪካዋ፣ በባቡሯና በመርከቧ ነበር፤ በባዕድ ሳትገዛ መሠልጠን እንደሚቻል ያሳየች አገር ናትና። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን ቶኪዮ ውስጥ ያናጊ ሶኤትሱ የተባለ ጸሐፊ «ኮጌይ» የሚል የእደ ጥበብ መጽሔት ማሳተም ጀምሮ ነበር። ያናጊን የሚያስጨንቀው ፋብሪካው እየበላቸው የነበሩት የገጠር ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ወረቀት ሠሪዎች ነበሩ። አንዱ ወገን አድንቆ የመጣበት ነገር ሌላውን ያስለቅሰው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ጃፓንን ለማየት የሚነሣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው የያናጊን ጃፓን ነው። ከአንድ አዛውንት ሸክላ ሠሪ ጎን ተቀምጦ ጭቃ መንካት፣ አንጥረኛው ብረት ሲያግል ማየት፣ ወረቀት ከውኃ ሲወጣ መመልከት ይፈልጋል። የአስጎብኚዎች ማስታወቂያም «ለሺህ ዓመት ያልተነካ ጥበብ» እያለ ይጠራዋል። ይህን አባባል አላምነውም። ታሪኩን ለተከታተለ ሰው የጃፓን እጅ ሥራ በየዘመኑ ሲነካካ የኖረ ነው፤ የውጭ ሰው እጅ ገብቶበታል፣ የውጭ ገዢ ዓይን ቅርጹን ለውጦታል፣ ብዙ ጊዜም ከሞት የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስረጃው ከናራ ይጀምራል። በ756 እቴጌ ኮምዮ የሟች ባለቤታቸውን የንጉሠ ነገሥት ሾሙን ንብረት ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ሰጡ፤ ዕቃው የተቀመጠበት ሾሶኢን የተባለው የእንጨት ግምጃ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ከውስጡ ከፋርስ ምድር የመጣ የተቀረጸ ብርጭቆና በዛጎል የተለበጠ ባለ አምስት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ይገኛሉ። በ702 የተጻፉ የሕዝብ መዝገቦችም አሉ፤ ወረቀታቸው የተሠራው እዚያው ጃፓን ነው፣ ጥበቡ ግን ከቻይና ተነሥቶ በኮሪያ በኩል የገባ ነበር። ከ1946 ጀምሮ በየመጸው ከዚህ ግምጃ ቤት ጥቂት ዕቃዎች ለሕዝብ ይታያሉ። ስለ ጃፓን እጅ ሥራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ከዚያ ቢጀምር ይሻላል፤ የአገሪቱ ጥንታዊው የጥበብ ሀብት የባሕር ማዶ አሻራ እንደሞላበት በዓይኑ ያያልና።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ግን የሚያኮራ አይደለም። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ባለው ጊዜ ኮሪያን ሁለት ጊዜ ወረረ። ድል አላደረገም፤ የኪዩሹ ደሴት መሳፍንት ግን ሲመለሱ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን እየማረኩ ወሰዱ። በጊዜው የሻይ ሥነ ሥርዓት በመኳንንቱ ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ ስለነበረው አንድ ጥሩ ጣባ የርስት ያህል ይከበር ነበር፤ ጣባውን የሚሠራው ሰው ደግሞ ከምርኮ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከተወሰዱት አንዱ ዪ ሳምፒዮንግ፣ በ1616 ገደማ አሪታ በምትባል ስፍራ ኢዙሚያማ ተራራ ላይ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ነጭ ድንጋይ አገኘ ይባላል። የጃፓን ፖርሴሊን ከዚያ ተነሣ። አሪታ ዛሬም ለዚህ ምርኮኛ ሐውልት አቁማለች፤ እሱ የሚዘከርበት የሺንቶ መቅደስም መግቢያ በር ከፖርሴሊን የተሠራ ነው።

በዚያው በኪዩሹ የሳትሱማ ገዢዎች ያደረጉት ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ናኤሺሮጋዋ በተባለ መንደር ያሰፈሯቸውን ኮሪያውያን ስማቸውንና ልብሳቸውን እንዳይለውጡ አዘዟቸው። ለትውልዶች ባዕድ ሆነው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው፤ እጃቸው ግን የመስፍኑ ኩራት ሆነ። የቺን ጁካን ቤተሰብ የዚህ መንደር ልጅ ነው፤ አሁንም እዚያው ይሠራል።

የአሪታን ዕጣ የለወጠው ሌላ መንገደኛ፣ የሆላንድ ነጋዴ ነበር። ጃፓን ከ1630ዎቹ ጀምሮ በሯን ለአውሮፓ ዘግታ ከናጋሳኪ ፊት ለፊት ባለችው ዴጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ለሆላንዶች ብቻ ቀዳዳ ትታ ነበር። በቻይና የሚንግ መንግሥት ወድቆ አገሩ ሲታመስ የቻይና ፖርሴሊን ከገበያ ጠፋ። ሆላንዶችም ፊታቸውን ወደ አሪታ መለሱ፤ በ1659 ያዘዙት ብቻ ከ50 ሺህ ዕቃ በላይ ነበር። ያዘዙትም በራሳቸው ልክና ቅርጽ ነው፤ የቢራ ማንቆርቆሪያ፣ የመላጫ ሳህን፣ የንግድ ኩባንያቸው ዓርማ የተጻፈበት ዝርግ ሳህን። የአሪታ ሠዓሊዎች ያላዩትን የአውሮፓ ማዕድ አስበው ቀቡ። ዕቃው የሚጫነው ከኢማሪ ወደብ ስለነበር አውሮፓ «ኢማሪ» ብላ ጠራችው፤ በ1710 የተመሠረተው የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካም የአሪታውን የካኪኤሞን ቅብ ሲቀዳ ኖረ። «በሯን ዘግታ የኖረች አገር» የሚለውን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ የመላጫ ሳህን ነው።

በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንዳንዱ ሙያ ተሸበረ። በ1868 የመጣው የሜይጂ መንግሥት ሳሙራይነትን አፈረሰ፤ በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ከለከለ። በአንድ አዋጅ የሰይፍ ሠሪው ደንበኛ ተነነ። ብዙዎቹ ወደ ቢላዋ፣ መቀስና ማጭድ ዞሩ፤ ዛሬ ጎብኚ ከሴኪ ከተማ ቢላዋ ገዝቶ ሲመለስ ከዚያ ስደት የተረፈውን ሙያ ይዞ መመለሱ ነው። መንግሥት ደግሞ ለቀሩት ባለ እጆች አዲስ ገዢ አገኘላቸው። በ1873 የቪየና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ጃፓን በይፋ ተሳተፈች፤ የ12ኛው ትውልድ ቺን ጁካን ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች ከታዩት መካከል ነበሩ። የምርኮኞቹ ዘር ሥራ ጃፓንን ወክሎ አውሮፓን አስደነቀ። የውጭ ፍላጎቱ ሲበረታ ወርቅ የበዛበት፣ ለአውሮፓ ሳሎን የተጋነነ ሥራ ገበያውን ሞላው። መንገደኛ ሁልጊዜ ጠቅሟል ማለቴ አይደለም።

ኤድዋርድ ሞርስ የተባለ አሜሪካዊ በ1877 ዮኮሃማ ሲወርድ የመጣው የባሕር እንስሳት ሊያጠና ነበር፤ ሸክላ ሰብሳቢ ሆኖ ቀረ። የሰበሰበው ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ከእሱ በኋላ ብዙዎች መጡ፤ ከሁሉም ጥልቅ ምልክት የተወው ግን በርናርድ ሊች ነው። ሊች ሆንግ ኮንግ የተወለደ እንግሊዛዊ ሲሆን በ1909 ጃፓን ሲገባ በመዳብ ላይ እየቀረጸ ማተምን ሊያስተምር አስቦ ነበር። ሸክላ እየቀቡ በሚተኩሱበት አንድ ግብዣ ላይ ያየው ነገር ያሰበውን አስረሳው። ኬንዛን የተባለውን የሸክላ ሠሪዎች የሙያ ስም ከወረሰው ስድስተኛ መምህር እግር ሥር ተቀመጠ፤ በ1920 ሃማዳ ሾጂ ከተባለ ወጣት ጋር ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሴንት አይቭስ ላይ የሸክላ ምድጃ ሠራ።

ያናጊ፣ ሃማዳና ሸክላ ሠሪው ካዋይ ካንጂሮ በ1925 «ሚንጌይ» የሚል ስም አወጡ፤ የተራው ሕዝብ ጥበብ ለማለት። ያናጊን ወደዚህ ያመጡት የኮሪያ የጆሶን ዘመን ሸክላዎች ናቸው፤ ጃፓን ኮሪያን ቅኝ በያዘችበት ጊዜ፣ በ1924፣ ሴኡል ውስጥ ለነዚህ ዕቃዎች ሙዚየም ከፍቷል። ከቅኝ ገዢው ወገን ሆኖ የተገዛውን ሕዝብ ጥበብ ማክበሩ ድፍረት ነበር። የኮሪያ ተቺዎች ግን ውበታችንን የኀዘን ውበት አድርጎ ሣለው ብለው ወቅሰውታል፤ ወቀሳው ልክ ይመስለኛል። በ1936 ቶኪዮ ኮማባ ውስጥ የከፈተው የሕዝብ እደ ጥበብ ሙዚየም ዛሬም ክፍት ነው።

ሃማዳ ከእንግሊዝ ተመልሶ ማሺኮ ገባ። ማሺኮ ለቶኪዮ ወጥ ቤቶች እንስራና ማሰሮ የምታቀርብ የገበሬዎች መንደር ነበረች። ሃማዳ ሥራው ላይ ስሙን አይፈርምም ነበር፤ ሆኖም ስሙ ዓለምን ዞረ፣ መንደሪቱም የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ሆነች። ሚንጌይ ስም የሌለውን ባለ እጅ ሲያወድስ ዝነኞችን ማፍራቱ የእንቅስቃሴው የማይፈታ ቅራኔ ነው። መንገደኛው አሁንም የሚጠይቀው ስም ነው።

ቅራኔውን በተሻለ መንገድ የያዘችው ኪዩሹ ተራራ ውስጥ ያለችው ኦንታ ናት። ሸክላ ከ1705 ጀምሮ ይሠራባታል፤ ወንዙ ግዙፍ የእንጨት ሙቀጫዎችን ከፍ ዝቅ እያደረገ አፈሩን ለሳምንታት ይወቅጠዋል። የሚሠሩት ከአሥር የማይበልጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ የጭቃው መጠን በሙቀጫው ፍጥነት ስለሚወሰን ማንም ሰፋ አድርጌ ልነግድ ቢል አይችልም። ያናጊ በ1931፣ ሊች በ1954 መጥተው አደነቁ፤ ጎብኚው ጎረፈ። መንደሪቱ ግን ሸክላዋ ላይ የሠሪ ስም አታስፍርም። ጎብኚውን አልጠላችም፣ አልታዘዘችለትምም።

መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ በቁም ነገር የገባው ከእሳት በኋላ ነው። በጥር 1949 በሆርዩጂ ቤተ መቅደስ የነበሩት ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ተቃጠሉ፤ በዓመቱ የባህል ንብረት ጥበቃ ሕግ ወጣ። የዚህ ሕግ ልዩ ነገር ዕቃን ብቻ ሳይሆን የሰውን ችሎታም እንደ ቅርስ መቁጠሩ ነው። በ1955 የመጀመሪያዎቹ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» እየተባሉ የሚጠሩ ሰዎች ተሰየሙ፤ ሃማዳ አንዱ ነበር። ካዋይ ክብሩን አልቀበልም አለ። የተሰየመ ሰው በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ለራሱ ሥራና ተተኪ ለማፍራት ነው። በኦኪናዋ ኪጆካ መንደር ከእንሰት መሰል ተክል ጭረት «ባሾፉ» የሚባለውን ጨርቅ ከጦርነቱ ውድመት በኋላ ያስነሡት ወይዘሮ ታይራ ቶሺኮ ይህን ክብር ያገኙት በ2000 ነው፤ በ2022 በ101 ዓመታቸው አረፉ። ሽመናን ያጠኑት ግን እዚያው መንደራቸው ብቻ ሳይሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ ለፋብሪካ ሥራ በሄዱባት ኩራሺኪ፣ ከሚንጌይ ሰዎች ጭምር ነው።

በ1974 የወጣው ሌላ ሕግ ወደ ገበያው ያዘነብላል። አንድ ሙያ የመንግሥት እውቅና እንዲያገኝ ለዕለት ኑሮ የሚያገለግል፣ በዋናነት በእጅ የሚሠራ፣ ዘዴውም 100 ዓመት ገደማ የቆየ መሆን አለበት። እውቅና ያገኙት ሙያዎች ዛሬ ከ240 ይበልጣሉ። የሠራተኞቹ ቁጥር ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 290 ሺህ ከነበረበት አሁን ከ70 ሺህ በታች ወርዷል። ሕግ ክብር ይሰጣል፤ ገዢ ግን አይወልድም።

ገዢ ሲኖር ምን እንደሚሆን የኢሴ የሺንቶ መቅደስ ያሳያል። መቅደሱ ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ከተቋረጠበት ጊዜ በቀር፣ በየ20 ዓመቱ እንደገና ይሠራል፤ ከእሱ ጋር ከ1 ሺህ 500 በላይ ንዋያተ ቅድሳት አዲስ ይሠራሉ። ተረኛው ዓመት 2033 ነው። አናጢው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው ዕድሜው ቢፈቅድ አንዴ እንደ ተማሪ፣ አንዴ እንደ መምህር ይደርስበታል።

እንዲህ ያለ ቋሚ ገዢ የሌለው ሙያ መንገደኛን ይጠብቃል። የዋጂማ ከተማ ይህን ከሁሉ ይበልጥ ታውቀዋለች። ጥር 1 ቀን 2024 በኖቶ ልሳነ ምድር 7.6 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ፤ የጠዋት ገበያው ሠፈር በእሳት ከ200 በላይ ቤቶችን አጣ። ዋጂማ የምትኖርበት ሙያ ኡሩሺ ነው፤ ከዛፍ የሚደማ ፈሳሽ በእንጨት ዕቃ ላይ እየደጋገሙ መቀባት። ከጥርቡ እስከ መጨረሻው ቅብ ከ100 በላይ ደረጃ ያልፋል፤ አንዱ ሰው ይጠርባል፣ ሌላው ይለስናል፣ ሌላው ይቀባል፣ ሌላው በወርቅ ያስጌጣል። ኡሩሺ እንደ ሌላው ቀለም በፀሐይ አይደርቅም፤ የሚጠነክረው እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል፤ ጊዜያዊ ወርክሾፖች በችኮላ የተተከሉትም ለዚህ ነው።

ባለ እጁን ማግኘት የሚፈልግ መንገደኛ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የአንድ ሰዓት ልምምድ ነው፤ ጭቃ ያዞራል፣ ወረቀት ያነሣል፣ ፎቶ ይነሣል። አልንቀውም፤ ግን ከመምህሩ ጋር አያገናኝም። ሁለተኛው በቀጠሮና በአገናኝ ሰው መሄድ ነው፤ ሽቶ ሳይቀቡ፣ ጫማ አውልቀው፣ ሥራው እየተሠራ ሳለ ዝም ብለው። ከ2013 ጀምሮ በኒጋታ የሚገኙት የጹባሜና የሳንጆ ከተሞች በዓመት ለጥቂት ቀናት የፋብሪካዎቻቸውንና የወርክሾፖቻቸውን በር ይከፍታሉ፤ በ2015 የፉኩይዋ ሳባኤና አካባቢዋ ተከተሉ። በሩን የከፈቱት ለጎብኚ ደስታ ብቻ አይደለም። ወጣት ገብቶ አይቶ «ልማር» እንዲል ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ብለው የቀሩም አሉ።

መንገደኛው የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ሰው ነው፤ ሰይፍ ሠሪውን እንጂ በኦኩኢዙሞ በክረምት ሦስት ቀንና ሌሊት ሳይተኛ 10 ቶን ያህል ብረታም አሸዋ ከከሰል ጋር እያቃጠለ ብረቱን የሚያወጣለትን አይደለም። የኡሩሺውን ዕቃ ይገዛል፤ በኢዋቴ ጆቦጂ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያደገውን ዛፍ አንድ ወቅት በጥቶ፣ 200 ግራም ያህል ፈሳሽ ለቅሞ፣ ከዚያ የሚቆርጠውን ሰው አያውቀውም። ያ ሰው የሚበጣበትን ጠማማ ቢላዋ የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች በመላ አገሪቱ እጅግ ጥቂት ቀርተዋል፤ ወረቀት ሠሪው የሚያነሣበትን ወንፊት ከቀርከሃ ስንጥር በሐር ክር የሚያስሩትም እንዲሁ። ለነዚህ ሰዎች የተሠራ ሙዚየም ብዙ የለም፤ ስማቸውም በጉብኝት መርሐ ግብር አይገባም። ሳንጆ ላይ መሮና መላጊያ የሚሠሩት አንጥረኞች ግን አንድ መፍትሔ አግኝተዋል፤ የጃፓን አናጢ ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲዞር ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ እንጨት ሠሪዎች ደንበኛ ሆነዋቸዋል።