ሻደይና የመዋደድ ትምህርት፦ ሽልማት በጥንዶች ትስስር ላይ ያለው ድርሻ

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዶን በርንና ጄራልድ ክሎር እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ደስ በሚለው ሰዓት አጠገቡ የተገኘውን ሰው ይወዳል፤ የደስታው ምንጭ ያ ሰው ባይሆን እንኳ። ሐሳቡን የደገፉት ሙከራዎች በአብዛኛው የተደረጉት በቤተ ሙከራ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። በዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ግን፣ በሻደይ በዓል፣ ሽልማቱ የሚሰጠው አገር በተሰበሰበበት ነው።

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲደርስ በዋግ ኽምራ የሻደይ ጨዋታ ይጀመራል። ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፣ እሱም ይሸልማቸዋል። ታናናሾቹ ከታላላቆቻቸው ኋላ እየተከተሉ ግጥሙንና ምቱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስመሰግንም ይለምዳሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ሰው ሌላው ሲሸለም በማየት ብቻ ይማራል ያለው ይህንኑ ነው።

ለጋብቻ የደረሰው ወጣትም በዚያው ሰሞን ይማራል። ዓይኑን የጣለባትን የሚያያት ጾም ተፈትቶ፣ መስኩ ለምልሞ፣ ሰው ሁሉ ሲያሞግሳት ነው። እሷን መረጥኳት ይላል፤ በበርንና ክሎር ስሌት ግን ግማሹን የመረጠለት በዓሉ ነው።

ይህ ትንታኔ ግን ትዳሩን አያስረዳም። በልማዱ ሽማግሌ የሚልከው ወላጅ ነበር፤ ወላጅ የሚመዝነውም ዘርን፣ መሬትንና ከብትን ነበር። ሽልማቱ የቤተሰብ ነበር፤ ልጅቱም ብዙ ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ፍቅር ከሠርግ በኋላ ይለመዳል የሚሉ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ ጃይፑር የተደረገን ጥናት ይጠቅሳሉ፤ በወላጅ ምርጫ የተጋቡት ጥንዶች ፍቅር ከዓመታት በኋላ በመውደድ ከተጋቡት በልጦ ታይቷል። አንድ ጥናት ይህን ያህል ሸክም መሸከሙ እኔን አያሳምነኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ቲቦና ሃሮልድ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳመለከቱት፣ ሰው በትስስር ውስጥ የሚቆየው ስለተደሰተ ብቻ አይደለም፤ የተሻለ መውጫ ሲያጣም ይቆያል። መመለሻ ቤት የሌላት ልጅ ትዳሯ መጽናቱ የፍቅር ማስረጃ አይሆንም።

እንደ ዕድል ሆኖ፣ በሰሜኑ ደጋ ሰማንያ የሚፈርስ ውል ነው፤ ሚስትም ድርሻዋን ይዛ የመውጣት የቆየ ልማድ አላት። ስለዚህ በዋግ መዋደድ እንዴት እንደሚለመድ ማወቅ የሚሻ አጥኚ ከሠርጉ ይልቅ ፍቺውን ቢያጠና ይሻለዋል፦ መውጣት እየቻሉ የቀሩት እነማን ናቸው? ሲጋቡስ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?