በሰኔ የፈረመ፣ በጥር የከፈለ

አሰላ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሩጫ ነው፡፡ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ የበቆጂ ልጆች፣ የጭላሎ ብርድ... አይፈረድብንም፡፡ የአርሲ ደጋ ግን ስሙ በሩጫ ከመግነኑ በፊትም በእህል የታወቀ አገር ነው፡፡ የኢቴያ ስንዴ፣ የለሙና ቢልቢሎ ገብስ ማን የማያውቀው አለ? ዛሬ የማወጋችሁም ከዚሁ እህል ጋር አብሮ ስለኖረ አንድ ጥያቄ ነው፡፡ ጥያቄው አጭር ነው፡- ውል ከተፈረመ በኋላ ዋጋ ቢወርድ፣ ልዩነቱን የሚችለው ማነው?

“ይሄ የጠበቃ ጥያቄ ነው” እንዳትሉኝ፡፡ ሰኞ የገዛችሁት ስልክ ዓርብ ላይ በሺህ ብር ቀንሶ ስታዩት የሚሰማችሁ ንዴት ራሱ ነው፡፡ እኛ ተናደን እንረሳዋለን፡፡ ገበሬው ግን በሬውን ይሸጥበታል፡፡

በውጭው ዓለም ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚያስተናግዱት የመዝናኛ መርከብ ድርጅቶች ናቸው፡፡ ክሩዝ ይሉታል፤ ባሕር ላይ የሚሄድ ሆቴል በሉት፡፡ ተሳፋሪው ቦታውን ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በፊት ቀብድ ከፍሎ ይይዛል፡፡ ቀሪውን የሚከፍልበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ ብዙውን ጊዜ መርከቡ ሊነሳ ሁለት ወይም ሦስት ወር ሲቀረው ነው፡፡ በመሀል መርከቡ አልሞላ ካለ ዋጋው ይወርዳል፡፡ በአሜሪካ ገበያ የተለመደው አሠራር ታዲያ እንዲህ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ዋጋው ከወረደና ተሳፋሪው ከጠየቀ፣ ብዙዎቹ ድርጅቶች በአዲሱ ዋጋ ያስተካክሉለታል፡፡ ቀኑ ካለፈ ግን ነገሩ በአብዛኛው አለቀ፤ ዕድለኛ ከሆነ የተሻለ ክፍል ወይም መርከቡ ላይ የሚያወጣው ትንሽ ገንዘብ ይሰጡት ይሆናል፡፡ “ዋጋው ወርዷልና ና ልዩነትህን ውሰድ” ብሎ የሚደውልለት ግን እንዳይጠብቅ፡፡ ዋጋውን እየተከታተለ የጠየቀ ያገኛል፤ ዝም ያለ በድሮው ይከፍላል፡፡

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙልኝ፡፡ አንደኛ፣ የታወቀ ቀን አለ፡፡ ሁለተኛ፣ መጠየቅ ይቻላል፡፡ ሦስተኛ፣ ቀብድ ከስሮም ቢሆን ከውሉ መውጣት ይቻላል፡፡ አሁን ወደ አርሲ እንውጣና እነዚህ ሦስት ነገሮች በየዘመኑ ለገበሬው ነበሩት ወይ? እንበል፡፡

ከሲሶ ወደ ብር

ከ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በፊት በአርሲ ከአራሹ ብዙው ጭሰኛ ነበር፡፡ ለባለመሬቱ የሚሰጠው እንደ ውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ነው፤ የምርቱ ሩብ፣ አንድ ሦስተኛ ወይም ግማሽ ማለት ነው፡፡ የዘመኑ ግፍ የታወቀ ስለሆነ ላሞካሸው አልፈልግም፡፡ ከጥያቄያችን አንጻር ግን አንድ የሚገርም ነገር አለው፡፡ ክፍያው በእህል ነበር፡፡ የስንዴ ዋጋ ሲወርድ የባለመሬቱ ሲሶም አብሮ ይረክሳል፡፡ ጭሰኛው በሌላው ሁሉ ተጎጂ ቢሆንም በዚያ ውል ውስጥ የዋጋን መውረድ ብቻውን አይሸከምም ነበር፡፡

በ1960 ዓ.ም ካዱ መጣ፡፡ ካዱ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም ምሕጻር ነው፡፡ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቁሞ መቀመጫውን አሰላ ያደረገ ድርጅት ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሲሰፋ አርዱ ተብሏል፡፡ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የወተትና የእህል መግዣ ጣቢያ ይዞ ገባ፡፡ እስከ ዛሬ በስንዴ ምርምር ስሙ የሚጠራው ቁሉምሳም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፡፡ ምርቱ በእርግጥ ጨመረ፡፡

ካዱ ያመጣው ግን ዘርና ማዳበሪያ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ዓይነት ዕዳም ጭምር ነው፡፡ ገበሬው ማዳበሪያውን በዱቤ የሚወስደው ክረምቱ ሲገባ ነው፡፡ ዱቤው በብር ይጻፋል፤ እህሉ ሲገባ በብር ይመለሳል፡፡ የስንዴው ዋጋ በመሀል ቢወርድ የተጻፈው ብር አይወርድም፡፡ ሲሶ ከእህሉ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር፤ ዱቤ ግን ባለበት ይቆማል፡፡ ልዩነቱን የሚችለው እንግዲህ የፈረመው ሰው ብቻ ሆነ፡፡

ጭሰኛው ደግሞ እዚያም ለመድረስ የባለመሬቱ ፊርማ ወይም ዋስትና ያስፈልገው ነበር፡፡ ብዙ ባለመሬቶች በዚህ መሀል ሌላ ሒሳብ ሠሩ፡፡ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚሆነው ነዳጅም የግብር ምሕረት ነበረው፡፡ “ስንዴው እንዲህ ካፈራ ለምን ራሴ አላርስም?” አሉና ጭሰኛውን ነቀሉት፡፡ ለትንሹ ገበሬ የታሰበው ፕሮጀክት ትንሹን ገበሬ ያስነቀለበት ይህ ታሪክ በልማት ጥናት ዓለም የታወቀ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጁ ሲታወጅ አርሲ ላይ እንደዚያ የተጨበጨበለት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል፡፡

የማይወርድ፣ የማይወጣም

ደርግ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈታው፡፡ ዋጋ እንዳይወርድ ከፈለግህ ቁረጠው! የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ በ1976 ተቋቋመ፤ ቀጥሎም ኮታ መጣ፡፡ የገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ዋጋ ተባለ፡፡ አርሲ ትርፍ አምራች ስለነበረ ከኮታው ከባድ ድርሻ ከወደቀባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ነው፡፡ ነጋዴውም ከገዛው እህል ከፊሉን፣ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም የበዛውን፣ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፡፡

በወረቀት ላይ ሲታይ ዋጋው አይወርድም፡፡ ችግሩ አይወጣም፡፡ የኮታው ዋጋ ለዓመታት እዚያው ተገትሮ የገበያው ዋጋ ጥሎት ሄደ፡፡ አዝመራ ያልሰመረለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ እስከማስረከብ ደረሰ፡፡ እስቲ ይህን ከመርከቡ ጋር አስተያዩት፡፡ ተሳፋሪው ያልተመቸውን ጉዞ ይተዋል፤ የኮታ ገበሬ ግን መርከቡ ላይ የተሳፈረው ሳይጠየቅ ነው፡፡ መውረጃም የለውም፡፡

የካቲት 1982 ዓ.ም ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፡፡ ለብዙ የአርሲ ገበሬ እፎይታ ነበር፡፡ የማይወጣው ዋጋ ተነሳለት፤ ከእሱ ጋር ግን የማይወርደው ዋጋም ተነሳ፡፡

የ1994ቱ ጥር

በ1987 ዓ.ም መንግሥት አዲስ የእርሻ ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ጀመረ፡፡ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ ከነዱቤው፡፡ በ1989 የማዳበሪያ ድጎማ ሲቆም ዱቤው ይበልጥ ከበደ፡፡ ብድሩን የሚሰጠው ባንክ ነው፤ ዋሱ ደግሞ የክልሉ መንግሥት፡፡ ገበሬው ባይከፍል ባንኩ ከክልሉ በጀት ያስቆርጣል፡፡ ስለዚህ ባንኩ አይከስርም፡፡ ክልሉም እንዳይከስር አሰባሰቡን ለወረዳና ለቀበሌ አስተዳደር ሰጠው፡፡ ጫናው እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ የት እንዳረፈ መገመት አያቅትም፡፡

ዕዳው የሚጠየቀው እህሉ አውድማ ላይ እንዳለ ነው፡፡ በኅዳርና በጥር መካከል ሁሉም ገበሬ ዕዳ ሊከፍል ባንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል፡፡ ሁሉም ሻጭ በሆነበት ገበያ ዋጋ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ፡፡

1993 እና 1994 ዓ.ም አዝመራው ሰመረ፡፡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጥጋብ ማለት ነው፤ ደስ ሊል ይገባ ነበር፡፡ 1994 አጋማሽ ላይ ግን የበቆሎ ዋጋ በ80 በመቶ ገደማ ወደቀ፡፡ ለአጨዳና ለማጓጓዣ የሚወጣው ከሽያጩ በለጠና አዝመራውን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር፡፡ የደጋው ስንዴም ከመውረድ አልዳነም፤ የበቆሎውን ያህል ባይሆንም፡፡ የማዳበሪያው ዕዳ ግን በሰኔ እንደተጻፈ ቆሞ ጠበቀ፡፡ በሬ የተሸጠው፣ በዕዳ የታሰረውም በዚህ ጊዜ ነው፡፡

ከዚያስ? በቀጣዩ ክረምት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ ከመውሰድ ተቆጠበ፡፡ ማን ይፈርዳል? ዝናቡም ከዳ፡፡ 1995 ላይ የምግብ እርዳታ የሚጠብቀው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፡፡ እህል በበዛበት ዓመት ማግሥት ረሀብ!

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር መሥራቿ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ደጋግማ የምታነሳው ምሳሌ ይኸው የ1994 ውድቀት ነበር፡፡ ሆኖም ገበያው የተጀመረው እህሉ ተረክቦ ወዲያው በሚሸጥበት ግብይት ነው፡፡ በሰኔ የጥርን ዋጋ የሚያስይዝ ውል አልነበረበትም፡፡ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ የአርሲ ስንዴ በቆየበት መንገድ ገበያ መውጣቱን ቀጠለ፡፡

የቢራው ውል

አሁን ወደ ገብሱ እንምጣ፡፡ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ፡፡ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ቢራ ፋብሪካዎች ከጎደለ የሚሞሉት ብቅል ከውጭ በማስገባት ነበር፡፡ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ ደግሞ በ2004 ሜታ አቦን ሲገዙ (ሜታን በኋላ ቢጂአይ ገዝቶታል) የቢራ ገብስ ፍላጎት ጋለ፡፡ ገዢዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ወደ አርሲ ገበሬ መጡ፤ ዘርና ግብዓት በዱቤ፣ ምርቱ ሲደርስ ደግሞ ለእኛ የሚል ውል ይዘው፡፡

ስለነዚህ ውሎች ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ክስ ነው፤ ገበሬው ዋጋ ሲወጣ ውሉን ትቶ ለሌላ ይሸጣል የሚል፡፡ እውነት ነው፣ ያደርገዋል፡፡ እስቲ ግን ነገሩን እንገልብጠው፡፡ ዋጋ ሲወርድስ?

ገዢ “ውሉን አፍርሻለሁ” ማለት አያስፈልገውም፡፡ ውሉ ውስጥ የጥራት መስፈርት አለ፤ ፕሮቲን፣ እርጥበት፣ የመብቀል አቅም፡፡ መስፈርቱ ተገቢ ነው፤ ያለሱ ብቅል አይሆንም፡፡ ዋጋ በወረደበት ዓመት ግን ሚዛኑ ሊጠብቅ የሚችልበት በር ነው፡፡ ገበሬው የገብሱን ፕሮቲን የሚለካበት መሣሪያ የለው፣ በምን ይከራከራል? አንዳንዶቹ ውሎች ደግሞ በርክክብ ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ላይ ጭማሪ ያደርጋሉ፡፡ ሲሰሙት ጥሩ ነው፡፡ ገበያው ሲወርድ ግን ጭማሪው የሚታሰበው ከወረደው ላይ ነው፡፡ ዱቤው እንደሆነ ዛሬም አብሮ አይወርድም፡፡

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሁንም አለ፡፡ ቁጥር 1764 የውሉ አፈጻጸም ተለውጦ ግዴታው ካሰቡት በላይ ቢከብድም ውሉ የጸና ነው ይላል፡፡ ቁጥር 1763 ደግሞ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ በርትዕ ስም ውልን እንዳይለውጥ ይከለክላል፡፡ የሰውን ችግር ወይም የልምድ ማነስ ተጠቅሞ የተገኘ ግፈኛ ውል እንዲፈርስ የሚፈቅደው 1710 አለ፤ እሱ ግን የሚያየው ሲፈረም የነበረውን ሁኔታ ነው፡፡ በኋላ የመጣ የዋጋ ውድቀት እዚያ ውስጥ አይገባም፡፡ በአጭሩ፣ ውሉ ላይ ያልተጻፈውን ፍርድ ቤት አይጽፍላችሁም፡፡

ለዚህ ነው በ2015 ዓ.ም የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ከቢራ ማስታወቂያ የበለጠ ወሬ ሊሆነን የሚገባው፡፡ አዋጅ ስላለ ብቻ ዋጋ መውረዱን አያቆምም፡፡ ግን በሰኔ የሚፈረመው ወረቀት ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ለመነጋገር በር ይከፍታል፡፡ እኔን ብትጠይቁኝ የሚጻፈው ከመርከቡ የያዝናቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፡፡ ዋጋ የሚታይበት የታወቀ ቀንና ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለል፤ ገበሬው በማኅበሩ በኩል “እንደገና ይታይልኝ” የሚልበትና ጥራቱን በሦስተኛ ወገን የሚያስለካበት መንገድ፤ ገዢው ካልገዛ ደግሞ ገበሬው ከነዕዳው የማይቀርበት መውጫ፡፡ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ያገኘውን፣ በሬውን ያስያዘ ሰው ቢያገኝ ብዙ ነው?

ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎች ምን አገባን የሚል ካለ፣ 1994ን እንደገና ያንብብ፡፡ ያን ዓመት ያልተከፈለው ልዩነት በሚቀጥለው ዓመት የእህል እጥረት ሆኖ ሁላችንም በር ላይ መጥቷል፡፡ እና ቀዝቃዛውን ቢራ ስታነሱ፣ ወይም ጠዋት ዳቦ ቤት ስትሰለፉ፣ ውሉን ማን ፈረመ? ሲወርድስ ማን ቻለው? በሉልኝ፡፡

ቸር ይግጠመን!